የሸ ቆብ

ሴንግሊያ፣ ደረጃው ባሕር ላይ የሚያልቅበት፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሳልቪና ቤት።
ጠዋት ክኒን እሰጣት፣ ስትተኛ ጠብታ፣
ሐሙስ ከሰዓት ግን፣ ሳጥኗን አውጥታ፣
«አንብቢልኝ» ትላለች፤
እነዚያኑ ደብዳቤዎች ነው፤ በቃሏ ታውቃቸዋለች።
ከንግግሯ ግማሹ ያመልጠኛል፣ ግማሹን እገምታለሁ፤
«ባሕር» ስትል ግን አስተርጓሚ ሳልፈልግ እሰማለሁ።

አባቷ ዊስቲን፣ በእንግሊዝ የጦር መርከብ፣
ለመኮንኖች ነበር ሾርባ የሚያቀርብ።
መድፍ አልተኮሰም፤ ነጭ ጃኬት ለብሶ፣
ትሪ ይዞ ይዞራል፣ ሳህን መላልሶ።
በጦርነቱ መሐል፣ በአንድ የካቲት ሌት፣
መብራቷን አጥፍታ ወጣች «ሮዝሜር» በዚያ ጽልመት፤
ጠላት እንዳያያት ነበር የጠፋችው፤
ወዳጅም አላያት፣ በዚያው ነው የቀረችው።

ቴሌግራሙ «ጠፍቷል» ይላል። «ሞቷል» አይልም።
እናቷ ያቺን አንዲት ቃል እንደ ክረምት ቀለብ ቆጥባ
ሃያ ሁለት ዓመት በላቻት፤
«የጠፋ ዕቃ እንኳ ይገኛል» እያለች፣
ጥቁር ሳትለብስ፣ አልጋውን ሳታጥፍ ሞተች።

ሳልቪናም ለመዝገብ ቤቱ ጻፈች፤ ኋላም እኔ ጻፍኩላት።
መልሱ ዘውድ ባለበት ፖስታ፣ ሁሌ አንድ ዓይነት፦
«ሹኤረብ የሚባል ሰው በዝርዝሩ አላገኘንም።
እናዝናለን።»
«ውኃውስ ይሁን» ትላለች፣ «ወረቀት እንዴት ሰው ይውጣል?»

ባለፈው መስከረም ከስኮትላንድ ዳርቻ፣ ከፒተርሄድ፣
ሞራግ የምትባል፣ አጎቷ በዚያው መርከብ የቀረባት፣
የሟቾቹን ዘመድ በየአገሩ ስታስስ የኖረች ሴት፣
መቶ አርባ ሦስት ስም በእጇ ገልብጣ ላከች።
ፎቶም አለበት። መርከበኞች ተደርድረው ይስቃሉ፤
ከኋላቸው አንድ ሰው ትሪ ይዞ ያልፋል፤
ፊቱ ጭጋግ ነው፤ ለፎቶ የሚቆምበት ጊዜ አልነበረውም።
ሳልቪና በማጉያ መስታወት ጆሮውን አገኘች፣
«የልጄ ጆሮ» አለች።

ስሞቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ አንድም ሳልዘል።
ሻዩ በረደ። አራተኛው ገጽ ላይ፣
«ሱኤረብ፣ ዊ.፣ አሳላፊ» ስል
እጄን ያዘች።

ፖስታው ጀርባ ላይ በፊደሌ ጽፌ አሳየኋት፦
«በኛ ዘንድ ሸ ማለት ቆብ የደፋ ሰ ነው።
የመርከቡ ጸሐፊ፣ ቸኩሎ ይሆናል፣
የአባትሽን ቆብ አወለቀው።»
ሳቀች። ቆይታ ዝም አለች። ደግሞ ቆይታ፦
«በየካቲት? ባዶ ራሱን?»

በኅዳር፣ የሙታን ስም ለሚጠራበት ቅዳሴ፣
ወረቀቱን ሞላሁላት፣ ቆቡን መልሼ።
በነሱ ፊደል ሸ ያዘነበለ መስቀል ነው፤
መቃብር አልባው ሰው አንድ መስቀል አገኘ።
ብዕሩን ስመልስ አልተቀበለችኝም።
«ያንቺስ?» አለች።
ነግሬያት አላውቅም። ዓይኗ ደክሟል፤
ግን በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት ስዘጋ ትሰማለች።

የሱ ጀልባ ስም አልነበራትም፣ ዝርዝርም የላት፤
ቴሌግራም የለም፤ በዓረብኛ «ስልኩ ዝግ ነው»
የምትል ሴት ብቻ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያቺው ድምፅ።
እጄ በነሱ ፊደል እምቢ አለኝ፤
«ፍጹም» ብዬ በራሴ ፊደል ጻፍኩ።

ቄሱ ሹኤረብን ጠራ። ቀጥሎ ዝም አለ።
ወረቀቱን አራቀ፣ አቀረበ፣ ገለበጠ፤
አንድ ሰው አሳለ።
ያኔ ሳልቪና፣ ከሦስተኛው ወንበር፣ በከዘራዋ ወለሉን መትታ፣
«ፍትሱም!» አለች፣ ጸን ከመሐሉ ሰንጥቃ።
ለአባቷ የጎደለው ለወንድሜ ተረፈው።
አላረምኳትም።
ቄሱም እንደሷው አድርጎ ጠራው።

ደጅ ስንወጣ ነፋሱ ከወደቡ ሽቅብ ይመጣል።
«ባርድ» አለችኝ፤ ብርድ ማለቷ ነው፤
ሻሿን ፈታ ራሴ ላይ ጣለች፣
ነጭ ፀጉሯን ለነፋሱ ትታ።